ብረቱ ላይ የተጻፈው፦ የደሴና የኮምቦልቻ የድሮ ሽጉጦች ምልክት መዝገብ

መስከረም 22

መዝገቡን ዛሬ ከፈትኩ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ፒያሳ ካለ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገዛሁት። አንድ ሽጉጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ይኖሩታል። በግራው ገጽ የቤተሰቡ ትረካ ይሰፍራል፦ ከማን እንደ መጣ፣ የት እንደ ተማረከ፣ በማን እጅ እንደ ከረመ። በቀኙ ገጽ ብረቱ ላይ የሚታየው ብቻ ይሰፍራል፦ ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ ዘውዱ፣ ቀስቱ፣ የፍሬዛው (የብረት መቁረጫ መኪናው) ጥርስ የተወው ጭረት ሳይቀር። ግራው ቀኙን እንዲያርም፣ ቀኙም ግራውን እንዲሰርዝ አልፈቅድም። ሁለቱም እንዳሉ ከተጻፉ በኋላ ነው ማመሳከር የሚጀመረው።

የሥራው ደንብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰፍሯል። ሽጉጥ አልገዛም፣ አልሸጥም፣ ከባለቤቱ ቤት አላስወጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኖታል፤ ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱን ሳላይ መሣሪያው እንዲወጣልኝ አልጠይቅም። የባለቤት ስምና ሰፈር አይጻፍም። ከመለያ ቁጥሩ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች በነጥብ ይተካሉ። ለራሴ የምሰበስበው ባዶ የቆዳ ማህደር፣ የተሰነጠቀ የእጀታ ልባጥና አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ብረቱ የባለቤቱ ነው፤ እኔ የምፈልገው ንባቡን ነው።

ደሴ ለዚህ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቧት። መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 7 የኢጣሊያ ጦር ደሴ ገባ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ ከአርበኞች ጋር ከተማዋን አስለቀቀ። ጦር በገባና በወጣ ቁጥር መሣሪያ ይማረካል፣ ይወድቃል፣ ይሸጣል፣ በሣጥን ሥር ይደበቃል። በየቤቱ የቀረው የዚያ ዘመን ሽጉጥ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው፤ ያዩት ሰዎችም እንዲሁ።

መስከረም 27

የመሣሪያ ዝግጅት። ማጉያ መነጽር፣ ካሊፐር፣ ስስ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ጥጥ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ የጥርስ እንጨት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ሥራ ስለማስተምር በወርክሾፑ አሮጌ ሞርሳ ላይ ያለውን የፋብሪካ ጽሑፍ መለማመጃ አደረግሁት። ወረቀቱን ጽሑፉ ላይ አጥብቆ ይዞ የእርሳሱን ጎን፣ ጫፉን ሳይሆን ጎኑን፣ በዝግታ ማሸት ነው። ጎድጎድ ያለው ፊደል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዙሪያው ይጠቁራል። ፎቶ ከዚህ ሌላ ነገር ይሰጣል። ፎቶ ሲነሣ ብርሃኑ ከላይ ከመጣ ያረጀ ፊደል ይጠፋል፤ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው ከመጣ ግን እያንዳንዱ ምት የራሱን ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የጧት መስኮት ከአምፖል ይሻላል። የደሴ ጭጋግ በሌለበት ጧት ማለቴ ነው።

ጥቅምት 3

የመጀመሪያው ሽጉጥ፤ የ1934 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቤሬታ፣ ኢጣሊያ ሠራሽ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉልኝ።

ምንም ከመነካቱ በፊት እርሳቸው ራሳቸው ካዝናውን አወጡ፣ የላይኛውን አካል ወደ ኋላ ሳቡ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቤት አዩ፤ ቀጥሎ እኔ አየሁ። ይህን ቅደም ተከተል የትም ቤት አልዘልም። ካዝና ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንዲት ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ይህ ቤሬታ ደግሞ ልናውቅለት የሚገባ ጠባይ አለው። ጥይት ሲያልቅ የላይኛውን አካል ከኋላ ይዞ የሚያቆመው ባዶው ካዝና ነው፤ ካዝናው ሲመዘዝ የላይኛው አካል በኃይል ወደ ፊት ይመለሳል። ጣት እዚያ መሀል መገኘት የለበትም።

የሚጎርሰው 9 ኮርቶ የሚባለውን አጭር የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ካዝናው 7 ይይዛል፤ ከሥሩ ለትንሿ ጣት ማሳረፊያ የሚሆን ቅጥያ አለው። በላይኛው አካል ግራ ጎን የሚነበበው ይህ ነው፦ «ፒ. ቤሬታ፣ ካል. 9 ኮርቶ፣ ሞ. 1934፣ ብሬቬት፣ ጋርዶኔ ቪ.ቲ.»፤ ቀጥሎ 1937፣ ከዚያም በሮማ ቁጥር 15። ጋርዶኔ በሰሜን ኢጣሊያ በትሮምፒያ ሸለቆ ያለው የፋብሪካው ከተማ ነው። በታችኛው አካል ከኋላ በኩል ዘውድ፣ ከሥሩ «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፤ የንጉሣዊው ጦር ሠራዊት ንብረት ማለት ነው። ይህ ምልክት የትኛው ክፍል እንደ ታጠቀው የሚነግር ስለሆነ ከዓመቱ ቀጥሎ የምፈልገው እርሱን ነው። «አር» እና «ኤም» ቢሆን የባሕር ኃይል፣ «አር» እና «ኤ» ቢሆን የአየር ኃይል፣ «ፒ» እና «ኤስ» ቢሆን የፖሊስ ነበር።

መለያ ቁጥሩ በላይኛውም በታችኛውም አካል ላይ አንድ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጦር ሜዳ ከሁለት የተሰበሩ ሽጉጦች አንድ ደህና መገጣጠም የተለመደ ስለነበር ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ በላይኛው አካል ላይ የተጻፈው ዓመት ለታችኛው ምስክር መሆኑ ይቀራል።

ጥቅምት 4

ትናንት የገለበጥኩትን ይዤ አመሸሁ። ቤሬታው ላይ ሁለት ዘመን ተጽፏል፦ አንዱ የአውሮፓ፣ ሌላው የፋሽስቱ። የፋሽስት ዓመት የሚቆጠረው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በየዓመቱም በዚያው ሰሞን ይለወጣል። የእኛ ዓመት መስከረም 1 ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ ነው!

ስለዚህ የሮማው ቁጥር ላይ 1914 ቢደመር የእኛው ዓመተ ምሕረት ይወጣል። 15 ሲደመር 1914፣ 1929 ዓ.ም.። የመጀመሪያውን ዓመት ልሞክረው፦ 1 ሲደመር 1914፣ 1915፤ ከመስከረም 1915 እስከ ጳጉሜን 1915 ከ1922 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገጠመ። 14 ደግሞ 1928ን ይሰጣል፤ የወረራው ዓመት። እኛ ከአውሮፓ ዓመት 7 ወይም 8 እየቀነስን «ከመስከረም በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የምንለው ችግር እዚህ የለም። የአውሮፓው ዓመት ለኢጣሊያዊው አንባቢ ይበጃል፤ ለኛ ቀጥተኛው መንገድ ያ የሮማ ቁጥር ነው። ይህን በመዝገቡ ውስጠኛ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ደግሞ ይበልጥ ያጠብባሉ። 1937 ከሮማ 15 ጋር ከሆነ ከጥር እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። 1937 ከሮማ 16 ጋር ከሆነ ግን፣ ፋብሪካው ማኅተሙን በጊዜው ቀይሮ ከነበረ፣ የቀሩት ሁለት ወራት ብቻ ናቸው። ከፋሽስት መንግሥት ውድቀት በኋላ በተሠሩት ላይ የሮማው ቁጥር የለም፤ ዓመቱ ብቻውን ይቀመጣል። ቤሬታው ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት መሠራቱን ስለቀጠለ ያ ቁጥር መኖር አለመኖሩ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው።

የጥይቱን ዓይነትም ሳያነቡ ማለፍ አይገባም። የ1935ቱ ሞዴል ከሩቅ ሲታይ ከ1934ቱ አይለይም፤ የሚጎርሰው ግን 7.65 ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ለሩማንያ የተሠሩት ላይ ደግሞ «ኮርቶ» በሚለው ፋንታ «ስኩርት» ተጽፏል። እንዲህ ያለው እዚህ ቢገኝ የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ጥቅምት 13

ዛሬ የሄድኩበት ቤት እስካሁን ካሰብኩት ሁሉ የከበደው ነው።

እማማ ወደ ሰማንያ የተጠጉ ናቸው። አባታቸው ማይጨው ዘምተው፣ ከዚያም እስከ ነፃነት በወሎ ቆላ አርበኛ ሆነው ቆይተዋል። ሽጉጡን «አባቴ ማይጨው ላይ ከአንድ የጣልያን መኮንን የማረከው» ብለው ነው ያሳዩኝ። በግራው ገጽ ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩ፤ አነበብኩላቸው፤ «አዎ፣ እንዲያው ነው» አሉ።

በቀኙ ገጽ፦ ቤሬታ፣ ሞ. 1934፣ 1940፣ የሮማ 18። ዘውዱና የጦር ሠራዊቱ ፊደላት አሉ። የላይኛውና የታችኛው ቁጥር አንድ ነው።

18 ሲደመር 1914፣ 1932 ዓ.ም.። ማይጨው 1928 ነው።

ዝም ብዬ ወረቀቱን እያሸሁ ቆየሁ። ልጅ የአባቱን ጀግንነት በአንድ ብረት ላይ ሲያሳርፍ ኖሮ፣ ድንገት መጥቶ «ብረቱ እንዲህ ይላል» ማለት ቀላል አይደለም። ግን ሽጉጡን ለልጅ ልጅ ሊያወርሱ ነው፤ ያልተነገረ ነገር ነገ በሌላ ሰው አንደበት ሲነገር ይበልጥ ያማል። በዝግታ አስረዳኋቸው። ፊደሉን በጣታቸው እንዲዳስሱት አደረግሁ።

ጥቂት አሰቡ። «አብሽር ልጄ፣ አልከፋም። አባቴ ማይጨው መዝመቱን ያገሩ ሰው ያውቃል። ይኼ ግን... ታላቅ ወንድሜ ‹ሁለት ነበረው› ይል ነበር» አሉ። ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት የሉም፤ የእርሳቸው ልጅ ግን ኩታበር መንገድ ላይ ይኖራል። እንደሚያስጠሩት ነገሩኝ።

ማታ የዘመኑን መስመር ሠራሁ። 1940 ከሮማ 18 ጋር ማለት ከታኅሣሥ 22 ቀን 1932 በኋላ የተሠራ ነው። ኢጣሊያ ደግሞ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ፣ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯ ከባሕር ስንቅ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው በአየር የሚመጣ ጥቂት ነገር ነበር። ስለዚህ ይህ ሽጉጥ በመርከብ መጥቶ ከሆነ ከጋርዶኔ የወጣው በዚያ ዓመት ጥርና ግንቦት መካከል ነው። አባትየው እጅ የገባውም ከ1932 ክረምት በፊት ሊሆን አይችልም ለማለት ይቀርባል፤ አርበኝነቱ በበረታበት፣ ወይም በ1933 ሚያዝያ ደሴ ነፃ ስትወጣ። ታሪኩ አላነሰም። ከማይጨው ወደ አምስተኛው የአርበኝነት ዓመት ተሻገረ፤ አምስት ዓመት በዱር የቆየ ሰው ምርኮ ደግሞ ያነሰ ክብር የለውም።

ከዚሁ ስሌት አንድ ወሰን ይወጣል። የሮማ 20 ማለት 1934 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው የጎንደር ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። እንግዲህ 20 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ቤሬታ እዚህ አገር ከተገኘ በጦር ሜዳ የተማረከ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ በሌላ መንገድ የገባ ነው።

ጥቅምት 30

የወንድም ልጁ መጣ። እማማ ቤት ቡና ተፈልቶ ጠበቁን፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ከባሕር ዛፍ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከእንጨት የተሠራ ረዘም ያለ ማህደር ነው፤ ባለ ማጠፊያ ክዳን፣ ጫፉ ላይ ብረት። ቤተሰቡ የመሬት ግብር ደረሰኝ ማኖሪያ አድርጎት ነበር።

እንዳየሁት አወቅሁት። የማውዘር ማህደር ነው! የ1896 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው የጀርመኑ ማውዘር ሽጉጥ በእንጨት ማህደር ይያዛል፤ ማህደሩ ተገልብጦ በሽጉጡ እጀታ ላይ ሲገጠም ደግሞ እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ትከሻ ላይ ይደገፋል። ጫፉ ላይ ያለው ብረት የመግጠሚያው መንገድ ነው። እንጨቱ የዋልነት ዛፍ ነው፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ በአንድ ጎኑ በቢላ የተቀረጸ መስቀል አለ። ውስጡን በካሊፐርና በሜትር ለካሁ። 140 ሚሊ ሜትር ለሆነው ለተለመደው አፈሙዝ የሚበቃ ጥልቀት አለው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራው አጭሩ ማውዘር፣ በቬርሳይ ውል ምክንያት ከ100 ሚሊ ሜትር በታች የተደረገው፣ ይህን ያህል ቦታ አይፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ነበሩ። «የመጀመሪያውን በችግር ጊዜ ሸጠውት፣ ይኼ ቀፎው ብቻ ቀረ» አለ የወንድም ልጅ፤ ከአባቱ የሰማው ነው። ማይጨው የዘመተው ማውዘሩ ነው ማለት አልችልም፤ ማህደር ዓመት አይናገርም። ነገር ግን የሁለት ሽጉጥ ታሪክ በአንድ ሽጉጥ ላይ ተደርቦ ሊነገር እንደሚችል ከዚህ ቤት በላይ የሚያሳይ የለም። የተሸጠው ታሪክ በቀረው ላይ አረፈ። በግራው ገጽ የእማማን ቃል ሳልነካ ከሥሩ የወንድም ልጁን ቃል ጨመርኩ።

ማውዘሩ ራሱ ቢገኝ ምን ይታያል? መዶሻውን አያለሁ፦ የጥንቶቹ እንደ ሾጣጣ ሆኖ በክብ በክብ የተቆረጠ ነው፣ ቀጥለው የመጡት ትልቅ ቀለበት አላቸው፣ የኋለኞቹ ትንሽ ቀለበት። እጀታውንም አያለሁ፤ በ1916 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ያዘዛቸው 9 ሚሊ ሜትር የሚጎርሱ ስለነበሩ ከ7.63ቱ እንዲለዩ በእጀታው እንጨት ላይ ቀይ 9 ተቀርጾባቸዋል።

ኅዳር 8

ዛሬ አዘንኩ። አንድ አባወራ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ቤሬታውን አንድ ወርክሾፕ ወስደው አስሞርደው፣ አስወልውለው፣ ክሮም አስነክረውታል። ያብረቀርቃል። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ልክ 9 መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ስለዚህ 1934ቱ ነው እንጂ 1935ቱ አይደለም። ከዚህ በላይ የሚነበብ የለም። ክፍሉ፣ ዓመቱ፣ ዘውዱ፣ ሁሉም የሞረድ ብናኝ ሆኖ ቀርቷል። ቀኙ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ።

ለዚህ ነው ለባለቤቶች ሁሉ ይህን የምናገረው፤ እዚህም ልጻፈው። የብርጭቆ ወረቀት አይነካው። አመድ፣ አሸዋ፣ ሎሚ፣ የብረት ድስት መፈተጊያ አይቅረብ። ላዩ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም ዝገት የሚከላከል የፋብሪካው ሥራ ነው፤ ቢሳሳም እንኳ ይተው። ቀይ ዝገት ከታየ ጥጥ በስስ ዘይት ነክሮ ማርጠብ፣ ማሳደር፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ፊደሉ ውስጥ የገባውን በጥርስ እንጨት ማንሣት ብቻ ነው። ከዚህ ያልለቀቀ ዝገት ይቆይ፤ ዝገት ያለበት ፊደል ይነበባል፣ የተሞረደ ፊደል አይነበብም።

ሁለተኛው፣ ሽጉጥ በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ተከትቶ አይቀመጥ። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ይበላል። በክረምት ጭጋግ ሳምንት ሙሉ በማይለቅበት እንደ ደሴ ባለ አገር ማህደሩ ለብቻው፣ ብረቱ ዘይት ተቀብቶ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ለብቻው።

ኅዳር 15

ቤሬታዎቹን ከዓመታቸው ጋር ሳስተያይ የሙያዬ ነገር ሳበኝ። የ1937ቱ ላይ የፍሬዛ ጭረት በማጉያ እንኳ በጭንቅ ይታያል፤ ጠርዙ ሁሉ በእጅ ተለስልሷል፣ ቀለሙ ጥልቅ ነው። የ1940ው ላይ በእጀታው ልባጥ አጠገብ የመቁረጫው ጥርስ አካሄድ በዓይን ይከተላል። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ፋብሪካው የማለስለሻውን ሰዓት እየቀነሰ፣ ቀለሙንም እያቀለለ ሄዷል። ከ1943 እ.ኤ.አ. በኋላ በጀርመን ቁጥጥር ሥር የተሠሩት ደግሞ የባሰውን ሸካራ ናቸው።

ተማሪዎቼን ብረት ሳስተምር «መጨረሻው ማለስለስ ነው» እላለሁ። ሠራተኛ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘልለው ያንኑ ነው። የሚሠራው ክፍል፣ ሐዲዱና አፈሙዙ፣ በሁለቱም ዓመታት በልኩ ተቆርጧል፤ የተቀነሰው ለዓይን የነበረው ብቻ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሁለት ብረቶች ላይ ጎን ለጎን ማንበብ ደስ ይላል።

ኅዳር 24

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ማዶ። እዚህ ያለው ስድስት ጎራሽ ነው፤ እንግሊዝ ሠራሽ ዌብሊ፣ ማርክ 6። ከመሀሉ ተሰብሮ ይከፈታል፤ ሲከፈት ቀለሆቹን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ጥይቱ ነጥብ 455 ኢንች ነው፤ ከቤሬታው ጋር ሲተያይ ከባድ ነው። እጀታው ወደ ታች ቀጥ ብሎ አራት ማዕዘን ይዞ ያልቃል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ማርኮች እጀታ ግን እንደ ወፍ ምንቃር የጎበጠ ነው። ዓመቱ 1917 እ.ኤ.አ.። ይህ ሞዴል ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ነው፤ ከ1921 በኋላ ደግሞ በኤንፊልድ የመንግሥት ፋብሪካ ጥቂት ዓመት ተሠርቷል።

ባለቤቱ ጋሼ እንዲህ ብለው አስጻፉኝ፦ «አባቴ እንግሊዞች በኮምቦልቻ ሲመጡ መንገድ መርቷቸው፣ ሲለያዩ መኮንኑ ሰጠው።»

ሰፊው ቀስት፣ ሦስት እግር ያለው የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት፣ እንደሚኖር ጠብቄ ነበር፤ አለ። ግን አጠገቡ ሌላ ነበር። በጥጥ ዘይት ቀባሁት፣ ብርሃኑን ከጎን አመጣሁት፣ ወረቀት አኑሬ አሸሁ። የላቲኑ «ዩ» ፊደል፣ በውስጡ ያው ቀስት ቆሞ። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ንብረት ምልክት ነው። የካናዳው ቀስት በ«ሲ» ውስጥ ይቆማል፤ ይህ «ዩ» ነው፤ በሁለት ወረቀት ደገምኩት።

የኮምቦልቻን መተላለፊያ በሚያዝያ 1933 ሰብሮ ደሴ የገባው የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ስለነበረች አገሩ ሁሉንም «እንግሊዝ» ቢል እውነቱ ነው። ጋሼ አባታቸው ያሉትን ነው ያሉት፤ ብረቱ ያንኑ በሌላ ፊደል ደገመው። ምልክቱ የሠራዊቱን ንብረትነት እንጂ ሰጪውን ሰው አይናገርም፤ ያንን በቀኙ ገጽ ግርጌ አስቀምጫለሁ። ቢሆንም ግራና ቀኙ እንዲህ ሲገጥሙ የመጀመሪያዬ ነው። ለጋሼ ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት፤ ከዚያ አንዱን ቅጂ የአባታቸው ፎቶ ካለበት መስታወት ጀርባ እንዲገባ አዘዙ።

ታኅሣሥ 2

ሰኞ ገበያ አንድ ባዶ የቆዳ ማህደር ገዛሁ፤ ሻጩ የመሣሪያ መያዣ መሆኑን እንጂ የምን እንደሆነ አያውቅም። ከፊቱ የትርፍ ካዝና ኪስ አለው። ላዩ ቡናማ ሆኗል፤ የክዳኑን እጥፋት ስገልጥና ክሩ የተቀበረበትን ሳይ ግን ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል፤ የኢጣሊያ ጦር ሠራዊት ቀለም። የቤሬታ 1934 ማህደር ነው። ልኩን ጻፍኩ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አነሣሁ፤ ቅባት አልቀባሁትም፤ ቅባት ያንን ቀለም ያጨልመዋል።

ታኅሣሥ 9

የመዝገቡን ገጾች ሁሉ ፎቶ አንሥቼ በሦስት ቦታ አስቀመጥኩ፦ አንዱ በኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ፣ አንዱ በስልኬ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር እንዳለ አልቆጥረውም። ለእያንዳንዱ ባለቤትም የራሱን ሁለት ገጽ በላሚኔት አድርጌ እየሰጠሁ ነው፤ ሽጉጡ ቢሸጥ ወይም ቢወረስ ንባቡ አብሮት ይሂድ።

ታኅሣሥ 14

ከወረባቦ በኩል በስልክ ፎቶ ደረሰኝ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ግን አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን መሆኑ፣ የምላጭ ከለላ አለመኖሩና ምላጩ ወደ ፊት ታጥፎ መተኛቱ ይታያል። ቦዴዮ ነው፤ የ1889 እ.ኤ.አ. ሞዴል የኢጣሊያ ስድስት ጎራሽ፣ 10.35 ሚሊ ሜትር። ያውም የተራ ወታደሩ ዓይነት፤ የመኮንኖቹ ክብ አፈሙዝና የምላጭ ከለላ አለው።

ቤተሰቡ «ከአድዋ የመጣ፣ ከራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጋር የዘመተ አያታችን የማረከው» ይላል። ሞዴሉ ከአድዋ ስድስት ሰባት ዓመት ቀድሞ የወጣ ስለሆነ ብረቱ ይህን አይከለክልም። ግን ቦዴዮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በኢጣሊያ ጦር እጅ ነበር፤ በ1928ም መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚለየው የሠሪው ማኅተምና ዓመቱ ነው። በኢጣሊያ ብሬሻ ከተማ የተሠሩ አሉ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጥረት ስለነበረ በስፔን ኤይባር ከተማ ለኢጣሊያ የተሠሩም አሉ። ኤይባር የሚል ከተገኘ የአድዋው ነገር በዚያ ብረት ላይ አይቆምም፤ ቀደም ያለ የብሬሻ ዓመት ከተገኘ ግን ይህ እስካሁን በመዝገቡ ከሰፈሩት ሁሉ የሚቀድም ይሆናል።

የፈቃድ ወረቀቱን ፎቶ ልከውልኛል። እንዳይወለውሉት፣ ዘይት እንኳ ቢሆን ሳልመጣ እንዳይነኩት ለምኛቸዋለሁ። «ገናን አሳልፈህ ና» ብለውኛል። ስስ ወረቀቱን ለስምንት ማዕዘኑ አፈሙዝ በሚስማማ ጠባብ ቁራጭ አዘጋጅቻለሁ፤ ከአፈሙዙ ጀምሬ ወደ እጀታው እየመጣሁ እያንዳንዱን ገጽታ ለብቻው አሻለሁ።